ቤትዎን ለዋስትና ከማስያዝዎ በፊት

ቅዳሜ ጂንካ ገበያ ከወጡ ዓይንዎ ቡናውና ኮረሪማው፣ ማሩና ሰው ላይ ይቀራል። ለአፍታ ግን ዙሪያውን ያሉትን ቤቶች ይመልከቱ። ብዙዎቹ በአንድ ጊዜ የተሠሩ አይደሉም። አንድ ዓመት ማገርና ምርጊት፣ በቀጣዩ ቆርቆሮ፣ ዕቁብ ሲወጣ ደግሞ ሊሾ። አንድ ቤት የአሥር ዓመት የቤተሰብ ቁጠባ ነው ማለት ይቻላል።

እኔ ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። የብድር ማስታወቂያ እንዴት እንደሚዘጋጅ አውቃለሁ፤ «በቀላሉ» የሚለው ቃል በትልቁ፣ «ዋስትና» የሚለው በትንሹ ይጻፋል። ዛሬ ስለ ትንሹ ጽሑፍ እናውራ።

እንደ ጂንካ ባሉ ከተሞች ቤተሰብ ለቤት መሥሪያ ከባንክ መበደሩ ብዙ የተለመደ አይደለም። ቤቱ ካለቀ በኋላ ግን ለሱቅ ማስፊያ ወይም ለመኪና መግዣ ካርታው በዋስትና ይያዛል። አደጋው እዚህ ላይ ነው፤ ንግዱ ሲወድቅ ልጆቹ የሚያድሩበት ጣሪያ አብሮ ይሄዳል።

እስቲ አንድ ባልና ሚስት እናስብ። ቤታቸውን አስይዘው በ24 ወር የሚመለስ 300,000 ብር ተበደሩ። ዋናው ገንዘብ ብቻ በወር 12,500 ብር ነው፤ ወለዱ ከዚያ በላይ። ገበያው ሲደምቅ ይከፍላሉ። ዝናብ ዘግይቶ ከብቱ ሲከሳ ግን የአርብቶ አደሩ ኪስ ይሳሳል፤ ሱቁም ይቀዘቅዛል። አንድ ወር ያልፋል፣ ሁለተኛውም ይደገማል። ባል ለሚስቱ እንኳ አይናገርም። «ሰው ምን ይለኛል» የሚለው ዝምታ ከወለዱ በላይ ያስከፍላል።

ሕጉ ደግሞ ፈጣን ነው። በባንክ በመያዣ ስለተያዘ ንብረት የወጣው አዋጅ ቁጥር 97/1990፣ ውሉ ይህን የሚፈቅድ ከሆነ፣ ባንኩ ፍርድ ቤት ሳይሄድ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ንብረቱን በሐራጅ እንዲሸጥ ያስችለዋል። አሥር ዓመት የተለፋበት ቤት በአንድ ወር ማስታወቂያ ሊሸጥ ይችላል ማለት ነው።

ታዲያ ለትርፍ ያልቆሙ ተቋማት ምን ያግዛሉ? እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ ተመሥርቶ ከ1993 ጀምሮ በኢትዮጵያም የሚሠራው ሃቢታት ፎር ሂዩማኒቲ የተነሣበት ሐሳብ ቀላል ነው። ቤተሰቡ በጉልበቱ ይሳተፋል፣ ብድሩ ትርፍ አይታሰብበትም፣ የተመለሰው ገንዘብ ለሚቀጥለው ቤት ይውላል። ደቦን ለሚያውቅ ሕዝብ ይህ እንግዳ አይደለም። በየክረምቱ የአቅመ ደካሞችን ቤት የሚያድሱት በጎ ፈቃደኛ ወጣቶቻችንም የሚሠሩት የዚሁ ዘመድ ነው።

ቤት እንዳይሸጥ በመከላከል በኩልም ትምህርት አለ። በአሜሪካ የቤት ብድር ቀውስ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻ፣ የአገሪቱ ምክር ቤት ኔበርወርክስ አሜሪካ በተባለ ድርጅት በኩል ለተቸገሩ ባለዕዳዎች የምክር አገልግሎት ገንዘብ መደበ። አማካሪዎቹ ገቢና ወጪን ከቤተሰቡ ጋር ቁጭ ብለው ያሰላሉ፣ ከአበዳሪው ጋርም ያደራድራሉ። እኛ ዘንድ ለዚህ ቅርብ የሆነው የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። ባለቤቶቹ አባላቱ ናቸው፤ ብዙ ያለውም ጥቂት ያለውም አንድ ድምፅ አለው፤ የሚያበድርዎትም የሚያውቅዎት ሰው ነው። ዕድራችንም ለሐዘን ብቻ ሳይሆን ለዕዳ ጭንቀትም ጆሮ ቢሰጥ ምን አለበት?

እስከዚያው እነዚህን አራት ነገሮች ቤትዎ ውስጥ ይጀምሩ፦

አንደኛ፣ ውሉን ባልና ሚስት አብራችሁ አንብቡ። የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) አንቀጽ 68 የጋራ የሆነን ቤት በዋስትና ለማስያዝ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። ፊርማ ለይስሙላ አይሁን።

ሁለተኛ፣ የወር ክፍያውን በደህናው ወር ገቢ ሳይሆን በክፉው ወር ገቢ ይለኩት። ካልተቻለ የብድሩን መጠን ይቀንሱ ወይም የመክፈያ ጊዜውን ያስረዝሙ።

ሦስተኛ፣ የሦስት ወር ክፍያ የሚሆን ተቀማጭ ሳይዙ ካርታዎን አያስረክቡ።

አራተኛ፣ መክፈል እንደሚያቅትዎ ያወቁ ዕለት ወደ አበዳሪዎ ይሂዱ። የመክፈያ ጊዜ ማራዘሚያ ማስጠንቀቂያ ከመጣ በኋላ ከመለመን አስቀድሞ መጠየቅ ይቀላል። ጥያቄዎን በጽሑፍ ያስገቡ፤ ግልባጩን ይያዙ።

ቤት ሐራጅ ቀን የሚጠፋ ይመስለናል። እውነቱ ግን ከዚያ በፊት በነበሩት የዝምታ ወራት ውስጥ ነው የሚጠፋው። ዛሬ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ የብድር ውሉን ከመሳቢያው አውጡና አብራችሁ አንብቡት።