ከሕፃን ጋር በካምፐርቫን፦ የአውስትራሊያን በረሃ ማቋረጥ

አውትባክ ከባሕር ዳርቻ ርቆ የሚዘረጋው ደረቁና ሰው የሳሳበት የአውስትራሊያ መሐል አገር ነው። አገሪቱ 7.7 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሰፋም አብዛኛው ሕዝቧ የሚኖረው በባሕር ዳር ከተሞች ነው። ከከተሞቹ ወደ ውስጥ የዘለቀ መንገደኛ ቀይ አሸዋ፣ ጨዋማ ሐይቅ፣ ቁጥቋጦና እጅግ ሰፋፊ የከብት እርባታ ያገኛል። በደቡብ አውስትራሊያ የሚገኘው አና ክሪክ የተባለ እርባታ ብቻውን ከ15 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሸፍናል። በዚህ አገር ከአንድ ነዳጅ ማደያ እስከ ቀጣዩ 200 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ መንዳት የተለመደ ነው።

ካምፐርቫን መኝታ፣ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣና የውኃ ጋን የተገጠመለት መኪና ነው። ትንሽ ልጅ ላለው ቤተሰብ ትልቁ ጥቅሙ ቦታው በየቀኑ ቢለዋወጥም የልጁ አልጋ፣ ምግብና የመኝታ ልማድ ሳይለወጥ መቆየቱ ነው። ሲርበው እዚያው ይበስልለታል፤ እንቅልፍ ሲመጣበት ማደሪያ ፍለጋ መዞር አያስፈልግም። ሆኖም መኪናው ሙቀቱን፣ ርቀቱንና የውኃ እጥረቱን አያስቀርም። ጉዞው በደኅና የሚያልቀው በልጁ አቅም ልክ ሲታቀድ ነው። የወቅቱ ምርጫ፣ የመኪናው ዓይነት፣ የቀኑ ርቀትና የሚጫነው ውኃ ሁሉ የሚወሰኑት በዚህ ነው።

መንገዱና ወቅቱ

ለቤተሰብ ከሚመቹት መንገዶች ዋናው ስቱዋርት ሃይዌይ ነው። በደቡብ ከፖርት ኦገስታ ተነሥቶ፣ በአሊስ ስፕሪንግስ አልፎ፣ በሰሜን እስከ ዳርዊን 2,700 ኪሎ ሜትር ገደማ ይዘልቃል። የተሰየመው እ.ኤ.አ. በ1862 አህጉሩን ከደቡብ ወደ ሰሜን ባቋረጠው አሳሽ በጆን ማክዱዋል ስቱዋርት ነው። ከ1987 ጀምሮ ዳር እስከ ዳር አስፋልት በመሆኑ ተራ ካምፐርቫን ያለ ችግር ይሄድበታል። ከእሱ የሚገነጠሉት ብዙዎቹ መንገዶች ግን ፒስታ ናቸው። አከራዮች አብዛኛውን ጊዜ ተራውን ካምፐርቫን ፒስታ ላይ መንዳትን በውላቸው ይከለክላሉ። ክልከላውን ጥሶ ለደረሰ ጉዳት ኢንሹራንሱ ላይከፍል ስለሚችል ውሉን አስቀድሞ ማንበብ ይገባል።

የመሐሉ በረሃ የሚመቸው ከግንቦት እስከ መስከረም ነው። በእነዚህ ወራት ቀኑ ለስላሳ ሲሆን፣ በሰኔና በሐምሌ ግን የአሊስ ስፕሪንግስ ሌሊት ከዜሮ ዲግሪ በታች ሊወርድ ስለሚችል ለሕፃኑ ወፍራም ልብስና ብርድ ልብስ ያስፈልጋል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው በጋ ከ40 ዲግሪ በላይ የሚግልበት ጊዜ ነው፤ ኡድናዳታ በተባለችው ትንሽ ከተማ በጥር 1960 የተለካው ሙቀት 50.7 ዲግሪ ደርሶ ነበር። በሰሜኑ ደግሞ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ዝናቡ ይበረታል፤ ጎርፍ መንገድ ይዘጋል። በሙቀቱም ሆነ በጎርፉ ወራት ከትንሽ ልጅ ጋር አለመሄድ ይመረጣል።

መኪናውና የልጁ መቀመጫ

ሁሉም ካምፐርቫን ሕፃን አይጭንም። ሁለት ሰው ብቻ የሚያስተኙት ብዙዎቹ የልጅ መቀመጫ የሚታሰርበት ቦታ ስለሌላቸው፣ ከመከራየት በፊት ይህን ለይቶ መጠየቅ ግድ ነው። በአውስትራሊያ ሕግ ከ6 ወር በታች ያለ ሕፃን ፊቱን ወደ ኋላ ባዞረ መቀመጫ ይታሰራል። ከ6 ወር እስከ 4 ዓመት ያለው ወደ ኋላም ሆነ ወደ ፊት የዞረ፣ የራሱ ቀበቶ ያለው መቀመጫ ይፈልጋል። መኪናው የኋላ ወንበር ካለው ከ4 ዓመት በታች ያለ ልጅ ፊት አይቀመጥም። መቀመጫው የአገሪቱን ደረጃ ያሟላ መሆን ስላለበት ከውጭ አገር ይዞ ከመሄድ እዚያው መከራየት ይሻላል።

የአየር ማቀዝቀዣው ነገርም ይታሰብበታል። በሹፌሩ በኩል ያለው ቅዝቃዜ በትልልቅ ካምፐርቫኖች ልጁ እስከሚቀመጥበት እስከ ኋላ ላይደርስ ይችላል። ጣሪያው ላይ የሚገጠመው ማቀዝቀዣ ደግሞ በአብዛኛው የሚሠራው መኪናው ከመብራት መስመር ጋር ሲገናኝ ብቻ ነው። ስለዚህ ሙቀት ባለበት ሌሊት መብራት፣ ሻወርና ልብስ ማጠቢያ ባለው የካራቫን ፓርክ ማደር ያስፈልጋል። ብዙዎቹ የልጆች መጫወቻና መዋኛም አላቸው።

የቀኑ ርቀት

አዋቂ ብቻውን በቀን 800 ኪሎ ሜትር ሊነዳ ይችላል። ከትንሽ ልጅ ጋር ግን ከ300 እስከ 400 ኪሎ ሜትር በቂ ነው፤ በየሁለት ሰዓቱ መቆም፣ ልጁን ከቀበቶው ፈትቶ ማሯሯጥና ማጠጣት ያስፈልጋል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ተነሥቶ፣ ረጅሙን መንገድ ልጁ በሚተኛበት ሰዓት ሸፍኖ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ማደሪያ መግባት የሚመከር አካሄድ ነው። ሲነጋጋና ሲመሻሽ ካንጋሮ መንገድ ያቋርጣል፤ አጥር በሌለበት ከብትም አስፋልቱ ላይ ይተኛል። ከእነዚህ ጋር መጋጨት ለሞት ያደርሳል፤ ስለዚህ በምሽት አይነዳም።

ሌላው የሚያሠጋው ሮድ ትሬይን የሚባለው፣ ብዙ ተሳቢ የሚጎትት የጭነት መኪና ነው። ርዝመቱ እስከ 53.5 ሜትር ስለሚደርስ መቅደም የሚቻለው ፊት ለፊት በጣም ርቆ የሚታይ ባዶ መንገድ ሲኖር ብቻ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ በግራ ስለሚነዳ፣ እንደ ኢትዮጵያ ባሉ በቀኝ በሚነዱ አገሮች የለመደ ሹፌር የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከተማ አካባቢ ቢለማመድ ይበጀዋል።

ውኃ፣ ምግብና ፀሐይ

ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 5 ሊትር የመጠጥ ውኃ መያዝ፣ ለብልሽት ቀንም የሚሆን መጨመር ተገቢ ነው። በየመንገዱ የሚገኘው የጉድጓድ ውኃ ጨዋማ ወይም ለመጠጥ የማይሆን ሊሆን ይችላል፤ የመኪናው ጋን ለእጥበት ይዋልና የመጠጡ ውኃ በጀሪካን ለብቻው ይያዝ። ከ6 ወር በታች ያለ ጡት ጠቢ ሕፃን ውኃ ሳይሆን ቶሎ ቶሎ መጥባት ይፈልጋል። ሽንቱ ከቀነሰ፣ አፉ ከደረቀ ወይም ከወትሮው ከፈዘዘ ፈሳሽ እየጎደለው መሆኑን ያሳያል። የሕፃን ሰውነት ከአዋቂ ከ3 እስከ 5 እጥፍ ፈጥኖ ስለሚግል በቆመ መኪና ውስጥ ለአንድ አፍታም ብቻውን አይተውም።

በመንገድ ዳር የሚገኙት ነዳጅ ማደያና ምግብ ቤት በአንድነት የያዙ ሮድሃውሶች ናቸው። ዋጋቸው ከከተማ ስለሚወደድ ወተት፣ ዳይፐርና ደረቅ ምግብ ከትልቅ ከተማ ይገዛል። ወደ ምዕራብ አውስትራሊያ ወይም ወደ ደቡብ አውስትራሊያ ሲገባ ግን የፍራፍሬ ዝንብ እንዳይዛመት ፍራፍሬና አትክልት በፍተሻ ኬላ ይያዛል። ስለዚህ ወሰን ከመድረስ በፊት በልቶ መጨረስና ከወሰኑ ማዶ እንደገና መግዛት ነው። ሰፊ ባርኔጣ፣ እጅጌ ረጅም ልብስና ፊት የሚሸፍን የዝንብ መረብም ለልጁ የግድ ያስፈልጋሉ።

ሕመምና ብልሽት

ከአውራ ጎዳናው ከተሞች ውጭ የስልክ ኔትወርክ ብዙ ቦታ የለም። ስለዚህ የሳተላይት ስልክ ወይም በሳተላይት የአደጋ ምልክት የሚልክ መሣሪያ መያዝ ያስፈልጋል። ኔትወርክ ካለ የአደጋ ጊዜ ቁጥሩ 000 ነው። ሐኪም ከሩቅ የሚደርሰው በበራሪ ሐኪሞች አገልግሎት ነው። ይህ አገልግሎት በቄስ ጆን ፍሊን ጥረት በግንቦት 1928 በኩዊንስላንድ ግዛት በክሎንከሪ ተጀመረ። ራቅ ባሉ እርባታዎች ቁጥር የተሰጣቸው መድኃኒቶች የያዘ ሣጥን ይቀመጣል፤ ሐኪሙ በስልክ ቁጥሩን እየጠራ የሚሰጠውን ያዛል። መንገደኛው ቤተሰብም የራሱን የትኩሳት መቀነሻ፣ ኦአርኤስ፣ ቴርሞሜትርና የቁስል ፋሻ ይይዛል።

መኪና ሲበላሽ የማይጣስ ሕግ አለ፤ መኪናውን ጥሎ መሄድ አይገባም። መኪናው ጥላ አለው፣ ውኃ አለው፣ ከአውሮፕላንም ከሰው ይልቅ ቶሎ ይታያል። ጉዞ ከመጀመሩ በፊት የሚሠራ እስኮርታ ጎማና ክሪክ መኖሩን ማየት፣ የጉዞውን መሥመርና የመድረሻውን ቀን ለሚታመን ሰው መንገር ያስፈልጋል።

ለልጁ የሚሆኑ ማረፊያዎች

ኩበር ፔዲ ከ1915 ጀምሮ ኦፓል የሚባል የከበረ ድንጋይ የሚቆፈርባት ከተማ ናት። ነዋሪዎቿ ከሙቀቱ ለመሸሽ ብዙ ቤቶቻቸውን ከመሬት በታች ሠርተዋል። በዙሪያዋ ያሉት የማዕድን ጉድጓዶች ክፍት ስለሆኑ የልጅ እጅ አይለቀቅም። በአሊስ ስፕሪንግስ የበረሃ እንስሳት የሚታዩበት ፓርክና ከ1951 ጀምሮ በእርባታ የሚኖሩ ልጆችን በሬዲዮ፣ ኋላም በኢንተርኔት ያስተማረው የአየር ትምህርት ቤት ይጎበኛሉ።

ኡሉሩ 348 ሜትር ከፍታ ያለው ቀይ ዓለት ሲሆን፣ ለአናንጉ ሕዝብ የተቀደሰ ስፍራ ነው። ከጥቅምት 2019 ጀምሮ መውጣት ተከልክሏል። ዙሪያውን ለመዞር 10 ኪሎ ሜትር ያህል ያስኬዳል፤ ለትንሽ እግር ግን ወደ ሙቲጁሉ ኩሬ የሚወስደው የአንድ ኪሎ ሜትር ደርሶ መልስ መንገድ ይበቃል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ቤተሰብ ከአሊስ ስፕሪንግስ ተከራይቶ መነሣት ይችላል። 200 ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኘው ኤርልዳንዳ አርፎ ወደ ኡሉሩ፣ ከዚያ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ኪንግስ ካንየን፣ በኋላም በመጣበት አስፋልት ወደ አሊስ ስፕሪንግስ ይመለሳል። ለዚህ ዙር አንድ ሳምንት ከያዘ ልጁ ሳይጨናነቅ ያርፋል፤ ወላጆቹም ለረጅሙ ጉዞ የሚበቃ ልምድ ያገኛሉ።