በአሮጌ የማዕድን ጉድጓድ ላይ የተሠራ አዲስ ቤት እንዴት ይፈተሻል?

አንድ ቤት ደኅና ነው የሚባለው ግድግዳው ቀጥ ብሎ ስለ ቆመና ቀለሙ ስላማረ ብቻ አይደለም። ቤቱ የተቀመጠበት መሬትም መታወቅ አለበት። ይህ ነገር በተለይ ጎልቶ የሚታየው ቀድሞ ማዕድን ሲወጣበት በቆየ ቦታ ላይ አዲስ ቤት ሲሠራ ነው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የምትሆነን ብሪታንያ ናት። ርዕሱ ለጂኦግራፊ፣ ለፊዚክስና ለኬሚስትሪ መምህራን በአንድነት የሚያገለግል ስለሆነ፣ ከዚህ በታች በተራ በተራ ለማስረዳት እንሞክራለን። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

1. መሬቱ ስለምን ባዶ ሆነ?

በብሪታንያ የድንጋይ ከሰል ለብዙ መቶ ዓመታት ሲቆፈር ኖሯል። የመጨረሻው ትልቅ የከርሰ ምድር የከሰል ጉድጓድ፣ ማለትም በዮርክሻየር የሚገኘው ኬሊንግሊ፣ የተዘጋው በ2015 ነው። ጉድጓዶቹ ቢዘጉም ባዶው ቦታ ከመሬት በታች ቀርቷል። በመዝገብ የታወቁት የጉድጓድ አፎች ብቻ ከ170,000 በላይ ናቸው። ከአገሪቱ ቤቶችና የሥራ ሕንፃዎች ውስጥም አንድ አራተኛ ያህሉ የሚገኙት በከሰል አገር ላይ ነው።

አንድ ሰው «ጉድጓዱ የት እንዳለ ካርታ የለምን?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ካርታ አለ፤ ነገር ግን ሙሉ አይደለም። የተተወ የከሰል ማዕድን ካርታ ለመንግሥት እንዲሰጥ በሕግ የተደነገገው በ1872 ነው። ከዚያ በፊት ከተቆፈሩት ውስጥ ብዙዎቹ በምንም ወረቀት ላይ አልሰፈሩም። ስለዚህ ካርታው ላይ ጉድጓድ አለመታየቱ ብቻውን ጉድጓድ የለም ለማለት አያስችልም።

2. መሬት የሚሰምጠው እንዴት ነው?

አቆፋፈሩ በሁለት ዋና ዋና ክፍሎች ይመደባል።

ሀ/ በመጀመሪያው ዘዴ ቆፋሪዎች ከከሰሉ ከፊሉን ያወጡና ከፊሉን ጣሪያውን ደግፎ እንዲይዝ እንደ ምሰሶ ይተዉታል። አሮጌዎቹና ለመሬት ገጽ የቀረቡት ጉድጓዶች በአብዛኛው በዚህ መንገድ የተቆፈሩ ናቸው። የዚህ ዘዴ ክፋቱ አደጋው በቀጠሮ የማይመጣ መሆኑ ነው። ምሰሶው ከመቶ ወይም ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ሊደቅ ይችላል፤ በምሰሶዎቹ መካከል ያለው ጣሪያም ሊናድ ይችላል።

ለ/ በሁለተኛው ዘዴ አንድ ረጅም የከሰል ግንባር ሙሉ በሙሉ ይቆረጥና ከበስተኋላው ጣሪያው እንዲወድቅ ይደረጋል። በዚህ ጊዜ መሬቱ እንደ ሰፊ ሳህን ይጎደጉዳል። በሳህኑ ጠርዝ ላይ መሬቱ ይለጠጣል፤ በመካከሉ ደግሞ ይጨመቃል። የዚህ መስመጥ አብዛኛው የሚፈጸመው ቁፋሮው ካለፈ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ነው።

አዲስ ቤት ለሚገዛ ሰው ይበልጥ የሚያሳስበው የመጀመሪያው ዓይነት ነው። ጣሪያው ሲናድ ባዶው ቦታ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይጓዛል። ሆኖም ጉዞው መጨረሻ አለው። ድንጋይ ተሰባብሮ ሲወድቅ በፊት ከያዘው ቦታ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ፣ ፍርስራሹ ራሱ ባዶውን ሞልቶ መናዱን ያቆመዋል። ይህን በክፍል ውስጥ በቀላል ስሌት ማሳየት ይቻላል። የከሰሉ ንብብር ውፍረት 2 ሜትር ነበር እንበል። የወደቀው ድንጋይ ይዘት በ20 በመቶ የሚጨምር ከሆነ፣ 10 ሜትር ድንጋይ ሲናድ 12 ሜትር ቦታ ይይዛል፤ ይህም 10 ሜትሩንና የከሰሉን 2 ሜትር በትክክል ይሞላል። ጭማሪው 10 በመቶ ብቻ ከሆነ ግን 20 ሜትር ድንጋይ መናድ አለበት። መሐንዲሶች ከከሰሉ በላይ ያለው ጽኑ ድንጋይ የንብብሩን ውፍረት ቢያንስ ዐሥር እጥፍ መሆኑን እንደ መነሻ መመዘኛ የሚጠቀሙበት ለዚህ ነው። ይህ መነሻ እንጂ የመጨረሻ ፍርድ አለመሆኑ መዘንጋት የለበትም።

3. የማይታየው አደጋ

ከመስመጥ ሌላ ጋዝ አለ። ከአሮጌ ጉድጓድ የሚወጣው ጋዝ በእሳት የሚቀጣጠለው ሜቴን ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ ኦክሲጅኑ ያለቀበት፣ ናይትሮጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የበዛበት አየር ሊሆን ይችላል። የውጭው አየር ግፊት ሲቀንስ ጋዙ በስንጥቅና በቧንቧ ዳር እየሾለከ ወደ ላይ ይወጣል።

ይህ ነገር የወሬ ያህል ብቻ አይደለም። በስኮትላንድ ከኤድንበርግ በስተደቡብ ምሥራቅ በምትገኘው ጎርብሪጅ ከተማ፣ የአካባቢው ምክር ቤት በ2009 ገደማ ያሠራቸው አዳዲስ ቤቶች ነበሩ። በ2013 እና በ2014 ነዋሪዎች መታመም ጀመሩ። ሲመረመር ከአሮጌው የከሰል ጉድጓድ የመጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ቤቶቹ እየገባ መሆኑ ተደረሰበት። ከወለሎቹ በታች ጋዝ የሚከለክል ፕላስቲክ አልተነጠፈም ነበር። በመጨረሻም 64 ቤቶች እንዲፈርሱ ተደረገ። ቤቶቹ ለዐይን አዲስና ንጹሕ ነበሩ፤ ግድግዳቸውን ብቻ የተመለከተ ሰው ጉድለታቸውን ሊያውቅ አይችልም ነበር።

4. ከግንባታው በፊት የሚደረገው ጥንቃቄ

በብሪታንያ ይህን ጉዳይ የሚከታተል የመንግሥት መሥሪያ ቤት አለ። በ1994 የከሰል ባለሥልጣን ተብሎ የተቋቋመ ሲሆን፣ ከኅዳር 2024 ወዲህ የማዕድን ማገገሚያ ባለሥልጣን ተብሏል። መሥሪያ ቤቱ የጉድጓዶቹን መዝገብ ይይዛል፤ አደገኛ ተብለው በተለዩ ቦታዎች ላይ የግንባታ ፈቃድ ሲጠየቅም አስተያየት ይሰጣል።

ሠሪው ድርጅት በመጀመሪያ አሮጌ ካርታዎችን ያገላብጣል። ቀጥሎም መሬቱን በመሰርሰሪያ እየበሳ ባዶ ቦታ መኖር አለመኖሩን ይመረምራል። ባዶ ከተገኘ ሲሚንቶና የከሰል አመድ በውሃ ተበጥብጦ በቀዳዳዎቹ በኩል ወደ ውስጥ ይሞላል። ቁልቁል የተቆፈረ ጉድጓድ ከተገኘ ደግሞ ይሞላና በላዩ ላይ ፌሮ ያለው ወፍራም የአርማታ ክዳን ይደረግበታል። ቢሆንም ቤት በጉድጓዱ አፍ ላይ ባይሠራ ይመረጣል። የቤቱ መሠረትም አንድ ወጥ የአርማታ ጠፍጣፋ እንዲሆን ሊደረግ ይችላል፤ መሬቱ በአንድ በኩል ትንሽ ቢሰምጥ ጠፍጣፋው ክብደቱን ስለሚያከፋፍለው ቤቱ በመሃል አይሰበርም።

5. ቤቱ ካለቀ በኋላ የሚደረገው ፍተሻ

አዲስ ቤት የሚገዛ ሰው ቁልፉን ከመረከቡ በፊት ወይም እንደ ተረከበ የራሱን ባለሙያ ቀጥሮ ማስፈተሽ ልማድ ነው። ባለሙያው ውሃ ልክ፣ የርጥበት መለኪያ፣ መሰላልና ባትሪ ይዞ ከጣሪያ እስከ ወለል ይመለከታል። ያገኘውን ጉድለት በዝርዝር ጽፎ ከፎቶግራፍ ጋር ለገዢው ይሰጣል፤ ገዢውም ለሠሪው ያቀርባል።

አብዛኛው ጉድለት ተራ ነገር ነው። ልስኑ ሸካራ ይሆናል፤ በሩ አይገጥምም፤ አሸንዳው ያፈሳል። በማዕድን መሬት ላይ በተሠራ ቤት ግን ከዚህ በተጨማሪ የሚከተሉት በትኩረት መታየት አለባቸው።

ሀ/ ወለሉ በአንድ ወገን ማዘንበሉ፣ ግድግዳውም ከቱንቢ መውጣት አለመውጣቱ፤

ለ/ በግድግዳው ግርጌ ያሉት የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎች ክፍት መሆናቸው። አትክልተኛ ወይም ንጣፍ ሠሪ አፈር ከቆለለባቸው ከወለሉ በታች ያለው ጋዝ መውጫ ያጣል፤

ሐ/ የውጭው መሬት ርጥበት ከሚከላከለው የግድግዳ መስመር ቢያንስ 150 ሚሊ ሜትር ዝቅ ማለቱ፤

መ/ በረጅም የጡብ ግድግዳ ላይ ለመላወስ የተተወው ክፍተት በትክክል መኖሩና በቡኬት አለመደፈኑ፤

ሠ/ የፍሳሽ ቧንቧው ውሃ ሲፈስበት ወደ ተፈለገው አቅጣጫ መውረዱ። መሬቱ ከተላወሰ ከቤት ይልቅ ቀድሞ የሚጎዳው ቧንቧ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ዋናው ነጥብ ይነሣል። ይህ ፍተሻ በዐይን የሚደረግ ነው። ባለሙያው ወለሉን ሰንጥቆ ፕላስቲኩ መቀደድ አለመቀደዱን አያይም፤ መሬቱንም በስቶ ጉድጓዱ መሞላቱን አያረጋግጥም። ስለዚህ ገዢው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን መጠየቅ አለበት። አንደኛው የቤቱ ፍተሻ ነው። ሁለተኛው የመሬቱ ወረቀት ነው፤ ይኸውም የማዕድን መዝገብ ምርመራ ውጤት፣ የመሬት ቁፋሮ ጥናቱ፣ ጉድጓዱ መሞላቱን የሚያረጋግጠው ዘገባ፣ እንዲሁም የጋዝ መከላከያው አርማታ ሳይፈስበት በፊት ታይቶ መጽደቁን የሚገልጸው ማስረጃ ናቸው። አንደኛውን ብቻ ይዞ በሁለተኛው መተማመን አይቻልም።

ገዢው ራሱም ከገባ በኋላ ኀላፊነት አለበት። ወለሉን በመሰርሰሪያ የሚበሳ ከሆነ የጋዝ መከላከያውን በገዛ እጁ ሊቀድ ይችላል። እንዲሁም በቤት ውስጥ የሚሰቀለው የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ካርቦን ዳይኦክሳይድን እንደማይለይ ማወቅ ያስፈልጋል። ስማቸው ቢቀራረብም ሁለቱ የተለያዩ ጋዞች ናቸው።

6. ስንጥቅን ማንበብ

አዲስ ቤት ውስጥ ስንጥቅ ሲታይ ወዲያው መደንገጥ አያስፈልግም። ልስንና እንጨት ሲደርቁ ስለሚኮማተሩ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ይወጣሉ። የብሪታንያ የሕንፃ ምርምር ተቋም በሠራው ምደባ መሠረት እስከ 1 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ስንጥቅ በጣም ቀላል ጉዳት ነው፤ እስከ 5 ሚሊ ሜትር ቀላል ነው፤ ከ5 እስከ 15 መካከለኛ ነው፤ ከ15 በላይ ከባድ፣ ከ25 በላይ ደግሞ በጣም ከባድ ተብሎ ይቆጠራል።

ስፋቱ ብቻ ግን አይበቃም። የጡቡን መገጣጠሚያ እየተከተለ እንደ ደረጃ በሰያፍ የሚወጣ፣ በአንድ ጫፉ ሰፍቶ በሌላው የሚጠብ፣ በውስጥም በውጭም የሚታይ ስንጥቅ መሠረቱ መላወሱን ያመለክታል። ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ «ስንጥቁ እየሰፋ ነው ወይስ ቆሟል?» የሚለው ነው። ይህን ለማወቅ በስንጥቁ ግራና ቀኝ ሁለት ምልክት አድርጎ በመካከላቸው ያለውን ርቀት በየሳምንቱ ለክቶ ከነቀኑ መመዝገብ ይበቃል።

7. ሕግና ዋስትና

በ1991 በወጣው የብሪታንያ ሕግ መሠረት፣ በሕጋዊ የከሰል ቁፋሮ ምክንያት መሬት ሰምጦ ቤት ቢጎዳ፣ ባለሥልጣኑ ወይም ፈቃድ ያለው ቆፋሪ የመጠገን ወይም የመካስ ግዴታ አለበት። ባለቤቱ ጉዳቱን ካወቀበት ጊዜ አንሥቶ በ6 ዓመት ውስጥ ማመልከት ይኖርበታል። ሕጉ የሚመለከተው ከሰልን ነው፤ የቆርቆሮ ማዕድን፣ የጨው ወይም የኖራ ድንጋይ ቁፋሮን አይሸፍንም። በአሠራር ጉድለት የተነሣ ስንጥቅም በዚህ ሕግ አይካስም። ለዚህኛው የሚያገለግለው ለአዲስ ቤት የሚሰጠው የ10 ዓመት ዋስትና ነው። በ1936 የተቋቋመው ኤን.ኤች.ቢ.ሲ. የተባለው ድርጅት በሚሰጠው የታወቀ ዋስትና፣ በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ጉድለቱን የሚያስተካክለው ሠሪው ነው፤ ከዚያ በኋላ ያሉት 8 ዓመታት ትልልቅ የግንባታ ጉድለቶችን የሚመለከቱ ናቸው። ስለዚህ የስንጥቁን ምክንያት ለይቶ ማወቅ ለዕውቀት ብቻ ሳይሆን፣ ወጪውን ማን ይከፍላል ለሚለውም ጥያቄ መልስ ይሆናል።

8. ለእኛ ምን ትምህርት ይሰጣል?

በአገራችን ግድግዳ ሲሰነጠቅ ብዙ ጊዜ ተጠያቂው ጥቁሩ የመረሬ አፈር ነው። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ምክንያቱ ከከሰል ጉድጓድ የተለየ ቢሆንም፣ ስንጥቁን የምንመረምርበት ዘዴ አንድ ነው። የድንጋይ ከሰልም ቢሆን በያዩና በደልቢ ሞዬ አካባቢ መኖሩ በጥናት የታወቀ ነው። ዛሬ የሚቆፈር ጉድጓድ ሁሉ ካርታው ተስሎ በጥንቃቄ ካልተቀመጠ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ በላዩ ቤት የሚሠራው ሰው የሚያውቅበት መንገድ አይኖረውም። ከ1872 በፊት የነበሩት ቆፋሪዎች ያላስቀመጡት ወረቀት ዛሬ የልጅ ልጆቻቸውን ብዙ ገንዘብ እያስወጣ ይገኛል።

ለተማሪዎች የሚሆኑ ጥያቄዎች

1ኛ/ የከሰሉ ንብብር ውፍረት 1.5 ሜትር ቢሆን፣ የሚናደው ድንጋይ ይዘትም በ15 በመቶ ቢጨምር፣ መናዱ ከስንት ሜትር በኋላ ይቆማል?

2ኛ/ የአየር ግፊት በሚቀንስበት ቀን ከጉድጓድ የሚወጣው ጋዝ የሚጨምረው ስለምንድን ነው?

3ኛ/ በትምህርት ቤታችሁ ግድግዳ ላይ አንድ ስንጥቅ ምረጡ። ቅርጹን ሥላችሁ፣ ስፋቱን ለ8 ሳምንታት በየሳምንቱ ለክታችሁ በግራፍ አሳዩ። እየሰፋ ነውን? ከዝናቡ ጋርስ ግንኙነት አለውን?

4ኛ/ ቤት ፈታሹ በዐይኑ ሊያያቸው የማይችላቸውን ሦስት ነገሮች ጥቀሱና፣ እያንዳንዱ በምን ዓይነት ማስረጃ ሊረጋገጥ እንደሚችል አስረዱ።