የቻትቦት መልስ ምን ያህል ይታመናል?

እ.ኤ.አ. በ2023 በኒውዮርክ የሚገኝ አንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት ሁለት ጠበቆችንና የሚሠሩበትን ቢሮ 5,000 ዶላር ቀጣ። ጠበቆቹ ለክርክራቸው ድጋፍ ይሆኑ ዘንድ ከጠቀሷቸው ቀደምት የፍርድ ውሳኔዎች መካከል አንዳንዶቹ ፈጽሞ ያልተሰጡ ሆነው ተገኝተው ነበር። ውሳኔዎቹን የፈጠረው ቻትጂፒቲ የተባለው ቻትቦት ነው። ከጠበቆቹ አንዱ ውሳኔዎቹ እውነተኛ መሆናቸውን ለማረጋገጥ መልሶ የጠየቀውም ያንኑ ቻትቦት ነበር።

ማሽኑ የሌለ ነገር እንደ ነባር አድርጎ ያቀረበው ለምንድን ነው?

የአሠራሩ ምሥጢር

ከኮምፒውተር ጋር በጽሑፍ መነጋገር አዲስ ነገር አይደለም። ጆሴፍ ዋይዘንባም የተባለው የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሊቅ ስለ «ኤላይዛ» ፕሮግራሙ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። ኤላይዛ አስቀድሞ በተሰጠው ደንብ መሠረት ከተናጋሪው ዐረፍተ ነገር ቃል እየመዘዘ በጥያቄ መልክ ይመልስ ነበር።

የዛሬዎቹ ቻትቦቶች አሠራር ከዚህ ይለያል። ከብዛት ያለው ጽሑፍ የቃላትን ተዛምዶ ከተማሩ በኋላ፣ ለቀረበላቸው ጽሑፍ ቀጣይ ሊሆን የሚችለውን የቃል ቁራጭ በፕሮባቢሊቲ እያሰሉ አንድ በአንድ ይጨምራሉ። ቁራጩ «ቶክን» ይባላል። «የኢትዮጵያ ዋና ከተማ» ለሚለው ሐረግ «አዲስ አበባ» የሚለው ቀጣይ በጽሑፎች ውስጥ ደጋግሞ ስለሚገኝ መልሱ ትክክል ይሆናል። ጥቂት በተጻፈበት ጉዳይም ቢሆን ስሌቱ ይቀጥላል፤ የሚወጣው ግን እውነት የሚመስል እንጂ የግድ እውነት የሆነ ነገር አይደለም። የጠበቆቹ የሐሰት ውሳኔዎች የተገኙት በዚህ መንገድ ነው።

እንዴት እንጠይቅ?

ከዚህ አሠራር የሚከተሉትን ምክሮች ማውጣት ይቻላል።

1. ጥያቄው ዝርዝር ይሁን። «ስለ ፎቶሲንተሲስ ንገረኝ» ከማለት ይልቅ «ለ10ኛ ክፍል ተማሪ የፎቶሲንተሲስን የብርሃን ሂደት በአራት ነጥብ አስረዳ፤ ቀጥሎም መልሱን ሳትነግረኝ ሦስት ጥያቄ ጠይቀኝ» ማለት የተሻለ ውጤት ያስገኛል።

2. ማስረጃውን አብረን እንስጠው። የመማሪያ መጽሐፉን ገጽ አቅርበን በዚያ ላይ ብቻ ተመሥርቶ እንዲመልስ ብናዝዘው፣ ፈጠራው ባይጠፋም ይቀንሳል።

3. ስምን፣ ቁጥርን፣ ዘመንንና ዋቢን ከሌላ ምንጭ እናረጋግጥ። በኢትዮጵያና በአውሮፓ የዘመን አቆጣጠር መካከል የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ስላለ፣ የትኛውን እንደምንፈልግ በግልጽ እንጻፍ።

ለንግድ ሥራ ሲመረጥ

እ.ኤ.አ. በ2024 በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ ሀገር አንድ የዳኝነት ጉባኤ፣ ኤር ካናዳ ለአንድ መንገደኛ ከ800 የካናዳ ዶላር በላይ እንዲከፍል ወሰነ። ዘመዱ የሞተችበት ይህ መንገደኛ የሐዘንተኞችን የዋጋ ቅናሽ ከጉዞው በኋላ መጠየቅ እንደሚችል የነገረው የድርጅቱ ቻትቦት ነበር፤ የድርጅቱ ደንብ ግን ይህን አይፈቅድም። ጉባኤው ቻትቦቱ ለሰጠው መልስ ተጠያቂው ድርጅቱ መሆኑን ደነገገ።

ስለዚህ ነጋዴው ከመግዛቱ በፊት ደንበኞቹ ዘወትር ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች መካከል መልሳቸውን በሚገባ የሚያውቃቸውን ሠላሳ ያህል መርጦ፣ ደንበኞቹ በሚናገሩበት ቋንቋ መሣሪያውን ይፈትን። የደንበኞቹ መረጃ የት እንደሚቀመጥና ቻትቦቱን ለማሠልጠን ይውል እንደሆነም ይጠይቅ።

ዋጋውንም በአማርኛ ያስላ። ብዙ አቅራቢዎች የሚያስከፍሉት በቶክን ብዛት ነው። ዩቲኤፍ-8 በተባለው የኮምፒውተር የፊደል ሥርዓት አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ሲይዝ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። የቶክን አከፋፈሉም በአመዛኙ የተዘጋጀው በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ላይ በመሆኑ፣ ተመሳሳይ መልእክት በአማርኛ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ ወደ በለጡ ቁራጮች ይከፋፈላል፤ ወጪውም በዚያው ልክ ይጨምራል። ሒሳብ ለመደመር ደግሞ ተራው የሠንጠረዥ ፕሮግራም ርካሽም አስተማማኝም ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና ምርጫው ጥድፊያ አይወድም።

አንባቢ ዛሬውኑ አንድ ቀላል ሙከራ ሊያደርግ ይችላል። ጠንቅቆ ስለሚያውቀው ነገር፣ ለምሳሌ ስለ ትውልድ ከተማው፣ ቻትቦቱን አሥር ጥያቄ ይጠይቅና ስሕተቱን ይቁጠር። ስለማያውቀው ነገር የሚሰጠውን መልስ ሲያነብም ያንን ቁጥር ያስታውስ።