ለአዲስ ሠራተኛ ያልተነገረ ነገር ከካዝና ይከፈላል

የአዲስ አበባ የሱፐርማርኬት ባለቤቶች ስለ ንግዳቸው ሲጠየቁ በቅድሚያ የሚያነሷቸው ችግሮች ይታወቃሉ። የቤት ኪራይ፣ የአቅራቢዎች ዋጋ መዋዠቅ፣ የመብራት መጥፋትና የግብር ነገር ናቸው። በወሩ መጨረሻ ቆጠራ ተካሂዶ ጉድለት ሲገኝ ደግሞ ምክንያቱ በአብዛኛው በአንድ ቃል ይዘጋል፤ «ስርቆት ነው» ይባላል። ስርቆት መኖሩ አይካድም። ይሁን እንጂ ከጉድለቱ ውስጥ ሌባ የሌለበት ድርሻም አለ። ይህ ድርሻ የሚፈጠረው አዲስ ሠራተኛ ሥራ በጀመረባቸው የመጀመሪያዎቹ ቀናት ማንም ምንም ሳይነግረው በመቅረቱ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከቅጥሩ ነው። አንዲት ወጣት በካሸርነት ትቀጠራለች እንበል። ከሁሉ በፊት የምትጠየቀው ተያዥ ነው። ተያዡ ቀርቦ ይፈርማል፤ እሷም ጋውን ትቀበላለች፤ «ከእነሱ ጋር ሆነሽ ልመጂ» ትባላለች። «እነሱ» የተባሉት ግን ማስተማር ሥራቸው መሆኑን የነገራቸው የለም። የጠዋት ተረኛዋ «የተመለሰ ዕቃ ለእኔ ስጪኝ» ስትላት የማታ ተረኛው «መልሰሽ መደርደሪያ ላይ አድርጊው» ይላታል። ሥራ አስኪያጁ ለግዢ ወጥተዋል። በሦስተኛው ቀን አንዷ ባልደረባ ስትቀር አዲሷ ብቻዋን ማሽኑ ላይ ትቀመጣለች። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ 340 ብር ጎደለ ይባላል። ጠዋት ለመልስ የተሰጣት ዝርዝር ገንዘብ ስንት እንደነበር በጋራ ተቆጥሮ የተፈረመበት ወረቀት የለም። ስለዚህ ጉድለቱ የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ የሚቆረጠው ግን ከእሷ ደመወዝ ነው።

ባለቤቱ በዚህ ዓይነት ገንዘቡን ያስመለሰ ይመስለዋል። በእርግጥ አስመልሷል ወይ? ይህን ለመመለስ የሱፐርማርኬት ሥራ ከተራ ሱቅ በምን እንደሚለይ ማየት ያስፈልጋል።

ዕውቀቱ ተበታትኗል

በቀድሞው ሱቅ ገዢው ከባንኮኒው ፊት ቆሞ ይጠይቃል፤ ባለሱቁ ከኋላ አንስቶ ይሰጣል። ዋጋውን፣ የዕቃውን ብዛት፣ ዱቤ የወሰደውን ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ሰው ነው። አዲስ የመጣው ረዳት፣ ብዙውን ጊዜ የዘመድ ልጅ፣ ከጎኑ ቆሞ እያየ ለዓመታት ይማራል። መርካቶ ውስጥ ስንቱ ነጋዴ በዚህ መንገድ ነው የወጣው።

እ.ኤ.አ. በ1916 በአሜሪካዋ ሜምፊስ ከተማ ፒግሊ ዊግሊ የተባለው መደብር ደንበኛው ራሱ ከመደርደሪያ እያነሳ መውጫው ላይ እንዲከፍል ማድረግ ሲጀምር ይህ አሠራር ተለወጠ። ሠራተኛው ቀነሰ፣ ሽያጩ ፈጠነ። ነገር ግን በአንድ ሰው ጭንቅላት የነበረው ዕውቀት ለገዢ ክፍል፣ ለስቶር፣ ለደርዳሪና ለካሸር ተከፋፈለ። ከዚያ ወዲህ አዲሱ ሠራተኛ እያየ የሚማረው ጥቂት ነው፤ የቀረው ሊነገረው ይገባል። እኛ ዘንድ ሱፐርማርኬቱ ሲስፋፋ የሠራተኛው አለማመድ ግን በአብዛኛው የሱቅ እንደሆነ ቀርቷል።

ጉድለቱ የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች

አንደኛው ቀዳዳ ማሽኑ ላይ ነው። ደንበኛው ዋጋቸው እኩል የሆነ ሁለት ዓይነት ሳሙና ሦስት ሦስት ይዞ ይመጣል። አዲሷ ካሸር ለመፍጠን አንዱን ሳሙና ስድስት ጊዜ ትመታዋለች። የተቀበለችው ገንዘብ ልክ ነው። በኮምፒውተሩ ውስጥ ግን አንደኛው ሳሙና ሦስት ጎድሎ፣ ሌላኛው ሦስት ተርፎ ይመዘገባል። ገዢ ክፍሉ በዚህ መዝገብ ተመርቶ የማያስፈልገውን ያዛል፤ ያለቀውን ይተዋል። ይህ ተራ ነገር አይደለም። ኒኮል ዴሆራሺየስና አናንት ራማን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ የአንድ ትልቅ አሜሪካዊ ቸርቻሪ ንብረት በሆኑ 37 መደብሮች 370,000 ገደማ የዕቃ መዝገቦችን አይተው 65 በመቶው ከትክክለኛው ቆጠራ ጋር የማይገጥም ሆኖ አግኝተውታል። ስህተቱ ሁሉ ከካሸር የመጣ ነው ማለት አይደለም። ዘመናዊ መሣሪያ ባለበት አገር እንኳ መዝገብ እንዲህ የሚሳሳት ከሆነ፣ ምን እንደሚመዘግብ ያልተነገረው ሠራተኛ በተቀመጠበት መደብር ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ሁለተኛው መደርደሪያው ላይ ነው። አዲሱ ደርዳሪ ትኩስ የገባውን እርጎ ከፊት ያስቀምጣል፤ ለእጅ የሚቀለው እሱ ነውና። አሮጌው ከኋላ ተገፍቶ ቀኑ ያልፍበታል። «ቀድሞ የሚያልፍበት ከፊት ይሁን» የምትለው አንዲት ዓረፍተ ነገር ብትነገረው ኖሮ ዕቃው አይጣልም ነበር።

ሦስተኛው ዋጋ ነው። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በኋላ ከውጭ በሚገቡ ሸቀጦች ላይ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ሲለወጥ መታየቱ ይታወሳል። ዋጋው ማሽኑ ውስጥ ተለውጦ መደርደሪያው ላይ የተለጠፈው የቆየ እንደሆነ ጭቅጭቁ የሚያርፈው ከካሸሯ ላይ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴው የዕቃውን ዋጋ በግልጽ እንዲያሳይ ያዝዛል። ስለዚህ የተለጠፈ ዋጋ ላይ «አልሰማሁም ነበር» ማለት ደንበኛውንም ሕጉንም አያረካም።

አራተኛው አከፋፈል ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህና የባንክ ዝውውር ከተለመደ በኋላ፣ ገንዘቡ ወደ መደብሩ ሒሳብ መግባቱ የሚረጋገጠው በመደብሩ በኩል እንጂ ደንበኛው በስልኩ በሚያሳየው ጽሑፍ አይደለም። ይህን ያልተነገራት ካሸር በሰልፍ ተጨናንቃ ስልኩን አይታ ብታሳልፍ፣ ማታ ጎዳይ የምትሆነው እሷ ናት።

የአገራችን ገበያ የራሱ ጥያቄዎችም አሉት። «ይህ ብስኩት የጾም ነው?» ተብሎ የሚጠየቅ ሠራተኛ ማሸጊያውን አንብቦ መመለስ ካልቻለ ሽያጩ ይቀራል፤ ተሳስቶ ከመለሰ ደግሞ ደንበኛው ይቀራል። የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋ ለየብቻ በሚሸጥበት መደብር ቢላዋና ሚዛን መቀያየር በይቅርታ የሚታለፍ ስህተት አይደለም። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩን ማን እንደሚያስነሳ፣ የፍሪዘሩ በር መከፈት እንደሌለበት ያልሰማ ሠራተኛ ደግሞ የቀለጠ አይስክሬም ዳግም ረግቶ እንዲሸጥ ምክንያት ይሆናል።

ሒሳቡ ምን ይላል?

ሒሳቡን በምሳሌ ብናየው ይቀላል። ወጪው ሁሉ ተቀናንሶ ከእያንዳንዱ 100 ብር ሽያጭ 5 ብር የሚተርፈው መደብር እንውሰድ። 2,000 ብር የወጣበት እርጎና አይብ ቀኑ አልፎ ቢጣል፣ ይህን ለመተካት መደብሩ የ40,000 ብር ሽያጭ ማካሄድ አለበት።

በሌላ በኩል ወር 8,000 ብር የሚከፈለው ነባር ሠራተኛ ለሦስት ቀናት ሥራውን ትቶ አዲሱን ብቻ ያስተምር እንበል። በ26 የሥራ ቀን ሲሰላ የሦስቱ ቀን ዋጋ 923 ብር ገደማ ነው። አዲሱም በ6,000 ብር ተቀጥሮ ሦስቱን ቀን ምንም ሳይሠራ ቢማር 692 ብር ይሆናል። ድምሩ 1,615 ብር ነው። ይህም አንድ ጊዜ ከተጣለው እርጎና አይብ ያንሳል። ልዩነቱ የማስተማሪያው ወጪ በደመወዝ መዝገብ ላይ መታየቱ ነው፤ ያለማስተማሩ ወጪ ግን «ጉድለት» በሚል ስም ተሸፍኖ ያልፋል።

ሕጉ የት ላይ ነው?

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በዚህ ጉዳይ ላይ ነጋዴው ሊያውቃቸው የሚገቡ ነጥቦች አሉት። የሥራ ውል በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው ውሉ በተደረገ በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። የሙከራ ጊዜም በጽሑፍ ስምምነት የሚደረግ ሆኖ ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ የለበትም። በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 377/1996 ግን 45 ቀን ነበር። በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ መደብር 60 የሥራ ቀን አሥር ሳምንት ማለት ነው። ሕጉ ይህን ጊዜ የሰጠው ሠራተኛው ለሥራው ተስማሚ መሆኑ እንዲመዘን ነው። ያልተማረውን ሥራ መዝኖ «አይሆንም» ማለት ግን ሠራተኛውን ሳይሆን መደብሩን መመዘን ነው።

ደመወዝ መቁረጥን በተመለከተ አዋጁ ጥብቅ ነው። በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልሆነ፣ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ካልተስማማ በቀር መቁረጥ አይቻልም። ሲቆረጥም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ ከሲሶው ሊበልጥ አይችልም። የ6,000 ብር ተከፋይ ከሆነች ከ2,000 ብር በላይ አይነካም ማለት ነው። በቃል ተነግሮ ማታ የሚቆረጥ ጉድለት ወደ ሥራ ክርክር ቢያመራ አሠሪው የሚያቀርበው ማስረጃ ምንድን ነው? ርክክብ ያልተፈረመበት ገንዘብ ስለመጉደሉ ማስረዳት ቀላል አይሆንም።

«ከተማረ በኋላ ይሄዳል»

ነጋዴዎች ለምን አያስተምሩም? የሚሰጡት መልስ ከምክንያት የራቀ አይደለም። «አስተምሬ ሳበቃ ጎረቤቴ 500 ብር ጨምሮ ይወስድብኛል» ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ1992 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት ያገኙት አሜሪካዊው ጋሪ ቤከር ይህን ሥጋት ቀደም ብለው ተንትነውታል። እንደ እሳቸው አባባል ሥልጠና ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የትም የሚያገለግል አጠቃላይ ሙያ ሲሆን፣ ሠራተኛው ይዞት ስለሚሄድ አሠሪው ወጪውን ለመሸፈን አይጓጓም። ሁለተኛው ለዚያ ድርጅት ብቻ የሚጠቅም ዕውቀት ነው፤ ሌላ ቦታ ዋጋ ስለሌለው ጎረቤት ሊገዛው አይችልም።

በሱፐርማርኬት የመጀመሪያ ሳምንት የሚፈለገው ዕውቀት አብዛኛው ከሁለተኛው ወገን ነው። ዱቄቱ ስቶር ውስጥ የት እንዳለ፣ ዋጋ ሲለወጥ ማን እንደሚናገር፣ የተመለሰ ዕቃ ለማን እንደሚሰጥ፣ ማሽኑ ሲቆም ማን እንደሚጠራ ለጎረቤት መደብር አይጠቅመውም። ስለዚህ ሥጋቱ ለካሸርነት ሙያ እውነት ሊሆን ይችላል፤ የራስን ቤት ለማስተዋወቅ ግን አይሠራም። እንዲያውም ግራ ተጋብቶ፣ ተቆርጦበት፣ በሁለተኛው ወር ጥሎ የሚሄደው ያልተነገረው ሠራተኛ ነው። ያን ጊዜ ማስታወቂያው፣ ተያዡ፣ ስህተቱ እንደገና ከአንድ ይጀምራል።

መርካዶና የተባለው የስፔን ሱፐርማርኬት ለአዲስ ሠራተኞቹ አራት ሳምንት ሥልጠና በመስጠት በንግድ ትምህርት ቤቶች ዘንድ የሚጠቀስ ምሳሌ ሆኗል። ዕቃ ርካሽ ከሚሸጡት ወገን የሚቆጠር ድርጅት ነው። ሥልጠና የሀብታም ደንበኞች መደብር ቅንጦት አለመሆኑን ይህ ያሳያል።

አራት ሳምንት ለማይችል

አራት ሳምንት ለአንድ የሰፈር ሚኒማርኬት ብዙ ነው። አራት ነገሮች ግን ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። የመጀመሪያው አዲሱን ሠራተኛ የሚያለማምድ አንድ ሰው በስም መመደብና ለዚያ ሳምንት ሌላ ሥራ ማቅለል ነው። ሁለተኛው መልስ፣ ቅናሽ፣ የተመለሰ ዕቃ፣ የስልክ ክፍያና መብራት ሲጠፋ የሚደረገው በአንድ ገጽ ተጽፎ ማሽኑ አጠገብ መለጠፉ ነው። ይህ ከተደረገ የጠዋቱና የማታው ተረኛ ሁለት ዓይነት ሕግ አያወጡም። ሦስተኛው በየፈረቃው ገንዘብ ሁለት ሆኖ ቆጥሮ መፈራረም ነው፤ ይህ ባለቤቱንም ካሸሯንም ያድናል። አራተኛው ጠዋት በር ከመከፈቱ በፊት አሥር ደቂቃ ቆሞ የተለወጠውን ዋጋና ያለቀውን ዕቃ መናገር ነው።

ሠራተኛውም ቢሆን ዝም ብሎ መቀመጥ የለበትም። ገንዘብ ሳይቆጥሩ አለመረከብና ለማን መጠየቅ እንዳለበት በመጀመሪያው ቀን ማወቅ የራሱ ጥቅም ነው።

ሱፐርማርኬት ከነዕቃው ለመግዛት የሚያስብ ባለሀብትና የሚያገናኘው ደላላም የቦታውን ኪራይና የዕለት ሽያጩን ብቻ ጠይቀው ባይመለሱ ይመረጣል። ካሸሮቹ ስንት ወር እንደቆዩ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ቆጠራዎች ምን ያህል እንደጎደሉ፣ የፈረቃ ርክክብ መዝገብ መኖር አለመኖሩን ቢያዩ የመደብሩን ዋጋ ይበልጥ ያውቁታል።

ጉዳዩ ችላ የማይባልበት ሌላም ምክንያት አለ። የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ቦርድ በ2016 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ለአገር ውስጥ ባለሀብት ብቻ ተከልሎ የቆየው የችርቻሮ ንግድ፣ መስፈርት ለሚያሟሉ የውጭ ባለሀብቶች ተከፍቷል። የውጭ ቸርቻሪ ይዞት የሚመጣው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ አዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን ምን እንደሚነገረው የተጻፈ አሠራርም ይዞ ይመጣል። ገንዘቡን ለመወዳደር ለአገር ውስጥ ነጋዴ ይከብደው ይሆናል። ወረቀቱን ለመጻፍ ግን አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል።