ካሜራው በማን እጅ ነበር?



ባለፈው የዒድ እረፍት ከጀመዓችን ስድስት ሆነን አርዲቦ ሐይቅ ወርደን ነበር። ለማታውቁት፣ አርዲቦ የታላቁ የሐይቅ ሐይቅ ጎረቤት ነው፤ ከፍ ብሎ ተቀምጦ ትርፍ ውሃውን ወደ ታች ይልክለታል። ሐሳባችን ቀላል ነበር፤ በስልካችን ስለ ሐይቁ ዳር ኑሮ አጭር ፊልም መሥራት። አንድ አዛውንት ስልኩን ወደ እሳቸው ስናዞር ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈን አደረጉና «ልጆቼ፣ ለማን ልታሳዩት ነው?» አሉን። ያን ጊዜ የሰጠናቸው መልስ የሚያረካ አልነበረም። ቆየት ብለው «በሰባ ሰባትም እህል ስንጠብቅ አንስተውን ነበር፤ እኛ ግን አላየነውም» ሲሉን ጥያቄያቸው ቀልድ እንዳልነበረ ገባን። ከተመለስን በኋላ ነገሩን ማንበብ ጀመርን። ያገኘነውን እነሆ።

ወሎ በዓለም ስክሪን ላይ ብዙ ታይታለች። ካሜራው ግን በራሷ እጅ አልነበረም። በጥቅምት 1966 እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ የሠራው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ታየ። የንጉሡ መንግሥት ሊሸፍነው የሞከረውን ረሃብ ዓለም ያወቀው በዚያ ነው። ይኸው ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር ተቀጣጥሎ መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ፤ በማግስቱ አጼ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ወረዱ። አንድ ፊልም ብቻውን መንግሥት ጣለ አንልም፤ ግን ደርግ ለዚያች ሌሊት የመረጠው መሣሪያ ጠመንጃ ሳይሆን ፊልም መሆኑን ልብ በሉ። የፊልሙ ባለጉዳይ የሆነው የወሎ ገበሬ ደግሞ አላየውም። ያኔ በወሎ ገጠር ቴሌቪዥን የት አለና!

ሁለተኛው በ1977 ነው። ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከኮረም የተነሣው ምስል ጥቅምት 13 ቀን በቢቢሲ ታየ፤ ከዚያም በብዙ አገሮች ቴሌቪዥን ተሠራጨ። ድምፁ የማይክል በርክ ነው፤ ካሜራውን የያዘው ግን ናይሮቢ የተወለደ ሙስሊም ነበር፤ ሙሐመድ አሚን። በእውነቱ ይህን ከማንበባችን በፊት ስሙን የምናውቅ ከስድስታችን አንድ ብቻ ነበርን። አሚን በ1983 አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ግራ እጁን አጣ፤ ሰው ሠራሽ እጅ አስገጥሞ ሥራውን ቀጠለ። በ1989 የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ ሲወድቅ ሕይወቱ አለፈ። ያነሣው ምስል እህል አምጥቷል፤ ነፍስ አድኗል። ያም ሆኖ ወሎ ሲባል በብዙ ሰው ዓይን የሚመጣው እስካሁን ያ ምስል ነው። የዳናና የጃማ ንጉሥ የዒልም ማዕድ፣ የመንዙማው ሌሊት በዚያ ስክሪን ውስጥ ቦታ አልነበራቸውም።

እንግዲህ የራስ ፊልም የሚባለው ነገር እንዴት ነው የሚፈጠረው? ምህንድስና ተማሪዎች ስለሆንን ይሁን አይታወቅም፣ እኛን የሳበን የተዋናዮቹ ዝና ሳይሆን የነገሩ አሠራር ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በግብፅ ነገሩን ያነሣው የባንክ ሰው ነው። ጠልዓት ሐርብ በ1920 ባንክ ምስርን መሠረተ፤ አገሬው ገንዘቡን በባዕድ ባንክ ከሚያስቀምጥ በራሱ ባንክ ፋብሪካ ይክፈት የሚል ሰው ነበር። ከጥጥ ፋብሪካና ከመርከብ ድርጅት ጎን ለጎን በ1935 ስቱዲዮ ምስር ተከፈተ። ለሐርብ ፊልም እንደ ፈትል ሁሉ አገር ውስጥ መመረት ያለበት ዕቃ ነበር። በናይጄሪያ ደግሞ ኬኔት ንኔቡዌ የተባለ ነጋዴ ባዶ የቪዲዮ ካሴት አከማችቶ ገዢ ሲያጣ፣ ፊልም ቢቀዳበት ይሸጣል ብሎ አሰበ ይባላል። በ1992 በኢግቦ ቋንቋ ያሠራው ፊልም ኖሊዉድ ለሚባለው ገበያ በር ከፈተ። ኢራንን ብንጨምር፣ በአብዮቱ ዋዜማ ሲኒማ ቤቶች ይቃጠሉ ነበር፤ አዲሱ መንግሥት ግን ፊልምን ጨርሶ ከመዝጋት ይልቅ በ1983 ፋራቢ የተባለውን ተቋም አቁሞ በራሱ ደንብ ይደግፈው ጀመር። በ1997 አባስ ኪያሮስታሚ የካንን ትልቁን ሽልማት ወሰደ። ደንቡ ብዙ ሠሪዎችን አስጨንቋል፣ አሳስሯልም፤ ይህን መደበቅ አይገባም።

ወደ እኛ ስንመጣ ሲኒማ የገባው ገና በአጼ ምኒልክ ዘመን ነው። በአዲስ አበባ መጀመሪያ ከተከፈቱት ሲኒማ ቤቶች አንዱን ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» አለው። የምስል ነገር ያስጨነቀው የእኛን ዑለማዎች ብቻ እንዳልነበረ ከዚህ ይታያል። የመጀመሪያው ባለ ታሪክ ረጅም ፊልም «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» በ1964 ሲወጣ ዳይሬክተሩ ግሪካዊው ላምብሮስ ጆካሪስ ነበር። ሁለተኛው «ጉማ» እስኪመጣ ወደ አሥር ዓመት ወሰደ። ምክንያቱ አይገርምም፤ በዚያ ዘመን ፊልም ማለት በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ጥሬ ፊልም፣ ውድ ካሜራና ማጠቢያ ላቦራቶሪ ማለት ነው። ጎንደሬው ኃይሌ ገሪማ በ1974 ከአሜሪካ መጥቶ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በጥቁርና ነጭ በሁለት ሳምንት ገደማ ቀርጾ ተመለሰ። ደርግ የፊልም ኮርፖሬሽን አቋቋመ፤ «አስቴር» የዚያ ፍሬ ናት፤ ሥርዓቱ ሲለወጥ ኮርፖሬሽኑም ፈረሰ።

በሩን የከፈተው ቪዲዮ ካሜራ ነው። ጥሬ ፊልምና ላቦራቶሪ ሲቀር ዋጋው ወረደ፤ ከ2000 ወዲህ እነ ቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን»ን የመሰሉ ፊልሞችን ይዘው መጡ፤ ሲኒማ ቤት ደጃፍ ሰልፍ ሆነ። እዚህ ላይ ከናይጄሪያ ጋር ያለውን ልዩነት አስተውሉ። ናይጄሪያዊው ካሴቱን የሸጠው ለየቤቱ ነው፤ ስለዚህ የሩቅ ከተማ ሴትም፣ የገበያ ነጋዴም ደንበኛ ነበሩ። የእኛ ፊልም ግን ገንዘቡን ሲለቅም የቆየው በዋናነት ከአዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ትኬት ነው። ትኬት የሚገዛው የአዲስ አበባ ወጣት ከሆነ፣ የሚቀረጸውም ኑሮ የእሱ ነው፤ ካፌው፣ መኪናው፣ የፍቅር ጣጣው። በአማርኛ ፊልም ውስጥ መድረሳ የተማረ ልጅ፣ ሒጃብ ለብሳ ላብራቶሪ የምትገባ ተማሪ፣ አርዲቦ ዳር ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ለምን ብርቅ ሆነ ስንል፣ አንዳንዶቻችን ወዲያው ጥላቻ ነው እንላለን። ጥላቻ ያለበት ቦታ አይጠፋም። አብዛኛው ግን የትኬት ስሌት ይመስለናል፤ ስሌት ከሆነ ደግሞ ሊለወጥ ይችላል።

የእኛን ታሪክ ሌላ ሰው ሲሠራውማ አይተናል። ሙስጠፋ አል-አቃድ በ1976 ያወጣውን «አር-ሪሳላ»ን ያላየ በመካከላችን ጥቂት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አይታዩም፣ ድምፃቸውም አይሰማም፤ አል-አቃድ ይህን ገደብ ጠብቆ ነው ሦስት ሰዓት የሚጠጋ ፊልም የሠራው። ለዓረቡና ለእንግሊዝኛ ተመልካች ሁለት ጊዜ፣ በሁለት ዓይነት ተዋናዮች ቀረጸው። ጃዕፈር (ረ.ዐ) በነጃሺ ፊት ቆመው ሱረቱ መርየምን ሲቀሩ ያላለቀሰ ማን ነው? ያ የሐበሻ ችሎት ግን የሐበሻ አፈር አልነካም፤ ፊልሙ የተቀረጸው በሞሮኮና በሊቢያ፣ በሊቢያም ገንዘብ ነው። ቅርብ ጊዜ ደግሞ በ2021 ጄሲካ በሺር ስለ ሐረር አካባቢና ስለ ጫት የሠራችው «ፋያ ዳዪ» ወጣ። በሱፊ ትረካ የተጠለፈ፣ ባብዛኛው በኦሮምኛ የሚናገር ፊልም ነው። እሷ ሐረር ያደገች ልጅ ናት፤ ዓመታት እየተመላለሰች ቀረጸችው። በካሜራው ፊት ያሉት ሰዎች ከፈረንጅ ፊት የቆሙ አይመስሉም፤ ከዘመድ ጋር ያወጋሉ።

ስለ ተስዊር ፈትዋ መስጠት የእኛ ሥራ አይደለም፤ ደርስ የምንቀራባቸው ኡስታዞች አሉ፣ በዚህ መካከላቸው ኺላፍ እንዳለም እናውቃለን። ከስድስታችን አንዱ ወንድማችን በዚህ ምክንያት ስልክ አልያዘም፤ ማስታወሻ ይጽፍልን ነበር። ሐሳቡን አክብረናል፤ ማስታወሻው ባይኖር ደግሞ ግማሹ ነገር በጠፋ ነበር።

አዛውንቱን በማግስቱ ተመልሰን አገኘናቸው። «አባባ፣ መጀመሪያ ለእርስዎ ነው የምናሳየው፤ ካልወደዱት ይጠፋል» አልናቸው። «እንግዲያ አብሽሩ» ብለው ጋቢያቸውን አስተካክለው ተቀመጡ፤ ስለ ሐይቁና ስለ ልጅነታቸው አርባ ደቂቃ ያህል አወጉን። ስለ ረሃቡ የተናገሩት ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። የቀረው ስለ ዓሣ፣ ስለ ቂርኣታቸውና ሐይቁን በዋና ለመሻገር ስለተወራረዱበት ቀን ነበር። ቀረጻውን አሥራ አንድ ደቂቃ አድርገነዋል። የሐይቁ ንፋስ ማይኩ ላይ እያፏጨ ድምፁን አበላሽቶብናል፤ የኤሌክትሪካል ልጆች እያጣሩት ናቸው። ኢንሻአላህ በሚቀጥለው እረፍት ላፕቶፕ ተሸክመን አርዲቦ እንወርዳለን፤ እዚህ ግቢ የሚታየው እሳቸው «ይሁን» ካሉ ብቻ ነው።