የተጫዋች ስም እንዴት የንግድ ምልክት ይሆናል?

በአገራችን የጦር መሪ በፈረሱ ስም ይጠራ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ዳግማዊ ምኒልክም «አባ ዳኘው» ይባሉ ነበር። ስሙን ያገነነው አጠራሩ ሳይሆን፣ የባለቤቱን ሥራ ያየው ሕዝብ ምስክርነት ነው። ዛሬ በቪዲዮ ጨዋታ ተወዳዳሪዎች ዘንድም ይህን የሚመስል ነገር ይታያል፤ ልዩነቱ የተጫዋቹ ስም ለነጋዴ የሚከራይ መሆኑ ነው። ለዚህ የጃፓናዊውን የዳይጎ ኡሜሃራን ታሪክ በምሳሌነት እናቀርባለን።

ዳይጎ የታወቀው «ስትሪት ፋይተር» በተባለው የሁለት ሰዎች ፍልሚያ ጨዋታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በካሊፎርኒያ በተደረገው የ«ኢቮ» ውድድር ከአሜሪካዊው ከጀስቲን ዎንግ ጋር ሲገጥም ጉልበቱ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ዎንግ 15 ተከታታይ ምት ያለውን ልዩ ጥቃት ሰነዘረ። እንዲህ ያለውን ጥቃት ዝም ብሎ መከላከል እንኳ ጉልበት ስለሚቀንስ፣ ዳይጎ እያንዳንዱ ምት በሚያርፍበት ቅጽበት ጆይስቲኩን እየገፋ ሁሉንም መከተና አሸነፈ። በፍጻሜው ግን ተሸንፎ ዋንጫውን ሌላ ተጫዋች ወሰደ። ይሁን እንጂ በፊልም ተቀድቶ በዓለም የዞረው ያ ግጥሚያ ነው። «አውሬው» የሚለውንም ቅጽል ያወጡለት ሌሎች እንጂ ራሱ አይደለም።

ከዚህ በኋላ ዳይጎ ጨዋታውን ትቶ በአረጋውያን መጦሪያ ተቀጥሮ ሠራ። ዝናው በዚያ ሥራ ዋጋ አልነበረውም። ወደ ጨዋታው ተመልሶ በ2009 እና በ2010 «ኢቮ»ን ሲያሸንፍ ግን፣ ማኅበረ ተጫዋቹ ስሙን ጠብቆ ቆይቶት ነበር። የጨዋታ መሣሪያ ሠሪው «ማድ ካትዝ»ም ስሙን ለማስታወቂያ በገንዘብ ደገፈው። ድርጅቱ በ2017 ሲከስር የዳይጎ ስም አብሮት አልወደቀም።

ከዚህ ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፣ እንዲህ ያለ ስም የሚከበረው ጨዋታውን በሚያውቁት ሰዎች መካከል ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ነጋዴ ስሙን ሊከራይ ይችላል እንጂ ሊፈጥረው አይችልም። አደጋው ግን ለሰውየው ነው፤ ኑሮው በስሙ ላይ ከተመሠረተ፣ በደከመበትም ቀን ሕዝቡ የሚጠብቀውን «አውሬ» ሆኖ መቅረብ ግዴታው ይሆናል። ስለዚህ ተጫዋች ስሙን ሲያከራይ ምን ያህል የራሱን ሕይወት አብሮ እንደሚያከራይ አስቀድሞ ማሰብ ይገባዋል።