የማዳም ጥቁር መጥበሻና የእናቶቻችን ምጣድ



ካህን ስለ መጥበሻ መጻፉ ያስገርማችሁ ይሆናል። በቅርቡ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እኅታችን እያለቀሰች መጣች። «አባቴ፣ የማዳምን መጥበሻ አበላሸሁባት» አለችኝ። ከባዱን ጥቁር የብረት መጥበሻ ያደፈ መስሏት ጥቁሩ እስኪለቅ በሽቦ ፈትጋ፣ ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፋ አሳደረችው። ጠዋት ዝጎ ተገኘ። ማዳሟም ዋጋውን ከደመወዟ እንደምትቆርጥ ነገረቻት። ልጅቱ የተቀጣችው በትጋቷ ነው።

መጥበሻው ግን አልተበላሸም። እናቶቻችን አዲስ ምጣድ ሲገዙ ወዲያው እንጀራ አይጋግሩበትም። በእሳት አግለው፣ የተፈጨ ጎመን ዘር እየነሰነሱ በጨርቅ አሽተው ያሟሹታል፤ ካልተሟሸ እንጀራው ይይዛል። የብረት መጥበሻም እንዲሁ ይሟሻል። ያ ጥቁር ነገር እድፍ ሳይሆን ዘይት በሙቀት ደርቆ ብረቱ ላይ የተጣበቀ ልባስ ነው። ምግብ እንዳይዝ የሚያደርገው፣ ዝገትንም የሚከለክለው እርሱ ነው።

የዛገውን ለመመለስ አስቀድማችሁ ማዳምን አስፈቅዱ፤ ምድጃው ለብዙ ሰዓት ይነዳል፣ ጭስም ስላለው መስኮት ይከፈት። ዝገቱን በሽቦና በሳሙና አስለቅቃችሁ፣ አለቅልቃችሁ፣ ወዲያው እሳት ላይ አድርቁት። ከዚያ የሱፍ ወይም ሌላ የምግብ ዘይት ውስጡንም ውጪውንም በስሱ ቀቡት። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ዘይቱ ከበዛ ይረጋና እንደ ሙጫ ያጣብቃል። ስለዚህ ጭራሽ እንዳልቀባችሁት አድርጋችሁ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። ኦቨን ውስጥ ደፍታችሁ በ230 ዲግሪ 1 ሰዓት አቆዩት፤ እዚያው ይቀዝቅዝ። 3 ወይም 4 ጊዜ ሲደገም ይጠቁራል። ቅቤ አይሁን፣ ቶሎ ያርራል። እጀታው እንጨት ከሆነ ኦቨን አታግቡት። ቴፍሎን ወይም ባለ ቀለም ድስት ከሆነም ይህን አታድርጉበት።

በየቀኑ ለብ እንዳለ ማጠብ ነው፤ ጥቂት ሳሙና አይጎዳውም። የሚጎዳው መዘፍዘፍና የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ነው። ታጥቦ እሳት ላይ ይድረቅና ጠብታ ዘይት ይታሽ፣ ልክ እንደ ማሰሻችን። በጋለበት ቀዝቃዛ ውኃ ካፈሰሳችሁበት ሊሰነጠቅ ይችላል። ቲማቲምና ሎሚም ብዙ ሰዓት ሲበስሉበት ልባሱን ይበሉታል።

እኅታችን በ2 ቀን ውስጥ አሟሽታው፣ ማዳሟ እንቁላል ጠብሳበታለች። እንቁላሉ አልያዘም። የደመወዙ ነገር ግን ገና አልተነሣም፤ ወሩ ሲያልቅ እንሰማለን።